ደብተሩ ሲከደን
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጥናት ናቸው። ከተማሪዎች፣ ከአንድ አባትና ከአንዲት መምህርት ከመጡት ስድስቱን መርጠናል። ረጃጅሞቹን አሳጥረናል፤ ስም አላወጣንም።

*

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንዱን ምዕራፍ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አነባለሁ፣ ዋና ዋናውን በቀለም አሰምርበታለሁ። ማታ የምተኛው ሁሉም ገብቶኛል ብዬ ነው። ፈተና ላይ ግን ገጹ ራሱ በዓይኔ እየመጣ መልሱ ይጠፋብኛል። ጭንቅላቴ ይሆን ችግሩ? (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሪ እህታችን፣ ጭንቅላትሽ ደኅና ነው። ችግሩ አጠናንሽ ላይ ነው። አንድን ገጽ ሦስተኛ ጊዜ ስታነቢው ዓይንሽ ቃላቱን ለምዷቸዋልና «ይህን አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ይመጣል። ዐይቶ መለየትና ካለምንም ፍንጭ ከራስ ማውጣት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መንገድ ላይ ያገኘሽውን ሰው መልክ ለይተሽ ስሙ እንደሚጠፋብሽ ዓይነት ነው። ምርጫ ያለው ፈተና ቢሆንም አያድንሽም፤ አራቱም ምርጫዎች ዓይን የለመዳቸው ቃላት ስለሆኑ «ቢ ነው ወይስ ሲ» ላይ የሚያወዛግበው ይኸው ነው።

ይህ በሙከራም ታይቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን በአራት ዙር ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በመጀመሪያው ዙር ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስት ዙሮች ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ በለጡ፦ 83 ከመቶ ለ71። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 40 ከመቶ፣ ሳያዩ የጻፉት 61 ከመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ብዙ እናስታውሳለን ብለው ይበልጥ የተማመኑት ደግሞ አንባቢዎቹ ነበሩ። ማታ ስትተኚ የሚሰማሽ መተማመን ይህ ነው።

ለወሎ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። የዋድላ የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት በቃሉ ይነግራል እንጂ ከወረቀት አያነብም። ቁርአን ቤት ያለ ልጅም በቃሉ ሳይቀራ ሉሁን፣ የተጻፈበትን ሰሌዳ፣ አጥቦ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ሁለቱም ቤት የጥናቱ ልክ የሚታየው ጽሑፉ ከፊት ሲነሣ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ለፈተና ቀን ብቻ አስቀረነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ከመጽሐፉ አንድ ንዑስ ርዕስ ብቻ፣ ከ2 እስከ 3 ገጽ፣ ረጋ ብለሽ አንብቢ። አታስምሪ። ከዚያ መጽሐፉን ክደኚና እጅሽ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው፤ ጭንሽ ላይ ከሆነ መግለጥሽ አይቀርም። ባዶ ወረቀት ላይ ለ8 ደቂቃ ያህል የምታስታውሽውን ሁሉ ጻፊ፤ ሥዕል ካለው ሥዕሉን ሥሪ። ሲጠፋብሽ ቶሎ አትመልከቺ። አንድ ደቂቃ ያህል ፈልጊው፤ ትምህርቱ የሚሠራው በዚያ ፍለጋ ውስጥ ነው። ስትጨርሺ መጽሐፉን ገልጠሽ የጎደለውን ሙዪ፣ የተሳሳተውን አርሚ፤ ሁሉንም በቀይ እስክሪብቶ። በማግስቱ የምትጀምሪው ከቀዩ ነው። ከዚያም ከ3 ቀን፣ ከአንድ ሳምንትና ከ3 ሳምንት በኋላ ያንኑ ርዕስ እንደገና ሳታዪ ጻፊ። ቀኖቹን ወረቀቱ ጥግ ላይ አስቀድመሽ ካልመዘገብሽ ይረሳሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ያስከፋል። ግማሹን እንኳ ላትጽፊ ትችያለሽ፤ ብዙ ተማሪ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ወደ ማስመር የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። የጎደለው ወረቀቱ ላይ ስለታየ ነው እንጂ እውቀትሽ አልቀነሰም፤ ቀድሞም ጎድሎ ነበር።

ሌላው ስሕተት ትርጉም ብቻ መሸምደድ ነው። ባዮሎጂ ላይ የዘር ሕዋሳት ስለሚፈጠሩበት ክፍፍል «ሚዮሲስ ምንድን ነው?» ብቻ ብለሽ ራስሽን ከጠየቅሽ ግማሽ መንገድ ነው። «በመጨረሻው ስንት ሕዋሳት ይገኛሉ? የክሮሞዞም ቁጥራቸው ለምን በግማሽ ይቀንሳል? ባይቀንስ ኖሮ ከጽንስ በኋላ ቁጥሩ ምን ይሆን ነበር?» ብለሽ ቀጥዪ። አራት ሕዋሳት መሆናቸውን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ምክንያቱን የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው።

ለሒሳብና ለፊዚክስ መንገዱ ትንሽ ይለያል። መጽሐፉ ላይ የተሠራውን ምሳሌ በወረቀት ሸፍነሽ ራስሽ ሥሪው፤ ስትቆሚ አንዷን መስመር ብቻ ገልጠሽ ቀጥዪ። ለልምምድ ደግሞ ከአንድ ምዕራፍ 20 ጥያቄ በተከታታይ ከምትሠሪ ከሦስት ምዕራፍ እያቀላቀልሽ 10 ሥሪ። በተከታታይ ስትሠሪ የትኛውን ቀመር እንደምትጠቀሚ ርዕሱ ይነግርሻል፤ ፈተና ላይ የሚነግርሽ የለም።

*

ጥያቄ፦ ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። ወደ ኦፓል (የከበረ ድንጋይ) ቁፋሮ መሄድ ካበዛ ወዲህ ደብተር መያዝ ትቷል። ስቆጣው «ወንድሜ ዲግሪ ይዞ ቤት ተቀምጧል፤ እኔ ተምሬ ምን ላመጣ?» ይለኛል። ለምኜም ገርፌም አልሆነልኝም። (ከወገል ጤና)

መልስ፦ አባታችን፣ ልጅዎ ያነሣው ነገር እውነት አለበት፤ መጀመሪያ ይህን ይቀበሉለት። ወንድሙ ሥራ አለማግኘቱን እያየ «ትምህርት ሁሉን ይፈታል» ቢባል ከእንግዲህ የሚሉትን ሁሉ አይሰማም። «ልክ ነህ፣ የወንድምህ ነገር እኔንም ያመኛል» ብለው ይጀምሩ። ዱላውን ግን ያቁሙ። በዱላ የተከፈተ ደብተር እርስዎ ዘወር ሲሉ ይዘጋል፤ ልጁም ትምህርትን ከሕመም ጋር ያያይዘዋል።

የመማር ፍላጎት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው። ልጁ «አልችለውም» ብሎ ሲያምን፣ ውሳኔው በሙሉ የሌላ ሰው ሲሆን፣ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ የሚፈልገው ሰው እንደሌለ ሲሰማው። «ምን ላመጣ» የሚል ልጅ ሁሉ ስለ ሥራ ብቻ እየተናገረ አይደለም። ሒሳቡ 7ኛ ክፍል ላይ ጥሎት ሄዶ፣ ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ሳይገባው የሚቀመጥ ሊሆን ይችላል፤ አልገባኝም ከማለት አይጠቅምም ማለት ይቀላል። ስለዚህ የክፍል ኃላፊ መምህሩን በአካል ያነጋግሩና በየትኛው ትምህርት፣ ከየትኛው ክፍል ጀምሮ እንደወደቀ ይጠይቁ። ከዚያ የጠፋበትን ቦታ አንድ ብቻ መርጣችሁ፣ ለምሳሌ ክፍልፋይን፣ በቀን 20 ደቂቃ ለ3 ሳምንት ይሥራ። የሚያስጠናው ታላቅ ወንድሙ ቢሆን ይመረጣል። ዲግሪው ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ሲጠቅም ሁለቱም ያያሉ።

ኦፓሉን ፈጽመው ቢከለክሉት ተደብቆ ይሄዳል፤ ተደብቆ መሄድ ደግሞ ገደሉ የሚናድበት ቀን ሲመጣ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም ማለት ነው። ዋሻ ውስጥ ገብቶ መቆፈርን ይከልክሉት፣ በዚህ ላይ አይደራደሩ። ከንግዱ ጋር የተያያዘ ሥራ ከሆነ ግን ቅዳሜን ብቻ ይፍቀዱለት፤ የትኛውን ሰዓት እንደሚያጠና ደግሞ ራሱ ይምረጥ። የመረጠውን ሰዓት ማክበር የታዘዘውን ከማክበር ይቀለዋል።

ንግዱ ራሱም ሒሳብ ይጠይቃል። 1 ግራም 5 ካራት ነው። አንዱ ገዢ «ግራሙን በ3,000 ብር»፣ ሌላው «ካራቱን በ700 ብር» ቢለው የትኛው ይሻላል? ሁለተኛው ለግራም 3,500 ይሆናል። 6.4 ግራም ድንጋይ ላይ ልዩነቱ 3,200 ብር ነው። ይህን በቃሉ የማያሰላ ልጅ የቆፈረውን ለሚያሰላው አስረክቦ ይመለሳል። ለልጅዎ በምክር መልክ አያቅርቡለት፤ ጥያቄውን ብቻ ይስጡትና ይሥራው።

አንድ ነገር እንጨምር። «አንደኛ ከወጣህ ስልክ እገዛልሃለሁ» ማለት ለዚህ ልጅ አይሠራም። ውጤት ሩቅ ነው፣ በእጁም ሙሉ በሙሉ የለም። ማመስገን ከፈለጉ ዛሬ 20 ደቂቃ መቀመጡን ያመስግኑ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር ግን ይቅር።

*

ጥያቄ፦ ከገጠር መጥተን አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን እንማራለን። ዓርብ ስንቅ ልናመጣ ወደ ቤት እንሄዳለን፣ መንገዱ 3 ሰዓት በእግር ነው። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል። ውኃ መቅዳቱ፣ ማብሰሉ፣ ወሬው፣ ለጥናት ጊዜ አይገኝም። (ከወልድያ)

መልስ፦ ጊዜያችሁን የሚበላው ሥራው ሳይሆን አራታችሁም ሁልጊዜ ሁሉንም መሥራታችሁ ነው። በየቀኑ አንድ ሰው ብቻ ያብስል፣ አንድ ሰው ውኃ ይቅዳ፤ ሁለቱ ነፃ ናቸው። ተራውን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በቃል የተደረገ ስምምነት በሁለተኛው ሳምንት ጠብ ያመጣል።

ቀጥሎ ዝምታውን በሰዓት ወስኑ። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2፡30 ማንም አያወራም፤ 25 ደቂቃ ጥናት፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት፣ ሦስት ዙር። ስልኮቹ ሁሉ ጠፍተው አንድ ቦርሳ ውስጥ ይግቡ፤ ሰዓቱን ለማየት የእጅ ሰዓት ይብቃ። ስልኩ ድምፁ ቢጠፋም አጠገብ እስካለ ድረስ ሐሳብ ይሰርቃል። ከሦስቱ ዙር በኋላ ብቻ ነው አብሮ ማጥናት የሚጀመረው፣ እሱም ለ30 ደቂቃ። አንዱ ዛሬ ያጠናውን መጽሐፍ ሳያይ ለሦስቱ ያስረዳል፤ ሦስቱ «ለምን?» ይላሉ። የጋራው ጥናት ለየብቻ ከማጥናት በፊት ከተጀመረ ጎበዙ ያወራል፣ ሌሎቹ ይነቀንቃሉ፤ ሁሉም የገባው መስሎት ይተኛል።

መብራት ሲጠፋስ? ያን ጊዜ ደብተር አያስፈልጋችሁም። ለደሴዋ ተማሪ የጻፍነውን ተመልከቱ፤ ማስታወስ ብርሃን አይፈልግም። ጨለማ ውስጥ ተራ በተራ ጠይቁ፣ መልሱ የጠፋባችሁን ጥያቄ በማግሥቱ ጠዋት አረጋግጡ። ማንበቡንና ሒሳቡን ወደ ንጋት አዙሩት፤ ከሱብሂ ወይም ከኪዳን በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ፀጥታም ብርሃንም አለው። ኩራዝ ላይ ተደፍቶ ማንበብ ይቅር፤ ጭሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል።

ስንቅ የምታመጡበት መንገድም ትልቅ ሀብት ነው። ዓርብ ከመነሣታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ 15 ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ጻፉ፤ ፊቱ ላይ ጥያቄው፣ ጀርባው ላይ መልሱ። ዳገቱ ላይ ዝም በሉ፣ ሜዳው ላይ ተጠያየቁ። የሳምንቱን ትምህርት ለመከለስ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኙም። እሑድ ስትመለሱ ደክማችሁ ስለምትደርሱ ያን ምሽት ለጥናት አታስቡት፤ ተኙ።

*

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ከ60 በላይ ናቸው። የቤት ሥራ ብሰጥ ከአንዱ ደብተር ሁሉም ይገለብጣል። ምን ባደርግ ይሻላል? (ከሐይቅ)

መልስ፦ እህታችን፣ የክፍለ ጊዜውን የመጀመሪያ 5 ደቂቃ ይውሰዱ። ሦስት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦ አንዱ ከትናንት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር። ደብተር ተከድኖ፣ በቁራጭ ወረቀት ይሥሩ፣ መልሱን ነግረዋቸው ራሳቸው ያርሙ። ነጥብ አይያዝበት፤ ነጥብ በተያዘ ቀን መገልበጡ ይመለሳል። ወረቀቱንም አይሰብስቡ፣ 60 ወረቀት ማረም በሁለት ሳምንት ያሰለችዎታል። በየጥያቄው «ስንቶቻችሁ አገኛችሁ?» ብለው እጅ ያስቆጥሩ። ከግማሽ በታች ከሆነ ያንን ያስተምሩት እንጂ አይለፉት።

*

ጥያቄ፦ 12ኛ ክፍል ነኝ። ጫት ካልቃምኩ ጥናት አይመጣልኝም። ሲመረቅን ሌሊቱን ሙሉ አነባለሁ። ጓደኞቼም እንዲሁ ናቸው። እውነት ጉዳት አለው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አለው ወንድማችን፤ ጉዳቱ ደግሞ ጫት ሰጠኝ በምትለው በጥናቱ ላይ ነው። ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር እንቅልፍን ያባርራል፣ የመቻል ስሜትን ከፍ ያደርጋል። ቀን የተማርከው ግን አእምሮ ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ነው። በአንተ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ሌሊቱን ሙሉ ያነበብከው እንቅልፍ ሳያገኝ ሲቀር አብዛኛው ይበተናል፤ በማግስቱ ደግሞ ድብርቱና ሐራራው ክፍል ውስጥ ያስቀምጥሃል እንጂ አያስተምርህም። ምርቃና ላይ ያጠናኸውን በማግስቱ ማታ ሳታይ ጻፈው። ስንት እንደቀረ ወረቀቱ ይነግርሃል።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ቆይቷል፤ እዚያ ተቀምጦ መቃም የለም። ሰውነትህ ጫት የለመደ ከሆነ ድብርቱ የሚመጣብህ በፈተናው ቀናት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ከፈተናው 2 ወር በፊት ተው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፤ እንቅልፍ ያበዛሃል፣ ትነጫነጫለህ፣ ዱካክም ሊያስቸግርህ ይችላል። በነዚያ ቀናት ከባድ ምዕራፍ አትጀምር፣ የድሮውን ከልስ። በምትቅምበት ሰዓት ከቤት ውጣ፣ ከጓደኞችህም ጋር ከጫት ቦታ ውጪ ተገናኝ፤ ጓደኛ ሳይቀይሩ ቦታ መቀየር ይቻላል። ቡናም ቢሆን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይቅርብህ። ብቻህን ካልቻልክ ጤና ጣቢያ ሄደህ ተናገር።

ጓደኞችህ ግን አብረውህ ሊተዉ ይችላሉ። አንዱን ብቻ ጠይቀው።

*

ጥያቄ፦ ትምህርት ሁለት ዓመት ተቋርጦብኝ አሁን 9ኛ ክፍል ገብቻለሁ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነብኝ። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ከእናቴ ጋር እውላለሁ፣ ትምህርትም ያመልጠኛል። ከልጆቹ በዕድሜም እበልጣለሁ፣ አፍራለሁ። (ከባቲ)

መልስ፦ ተመልሰሽ መግባትሽ ከሁሉም የከበደው ክፍል ነበር፤ እሱን አልፈሻል። ከእንግሊዝኛው እንጀምር። ባዮሎጂ ያልገባሽ መስሎሽ ያልገባሽ ቋንቋው ሊሆን ይችላል። ለመለየት ቀላል ነው፤ አንዱን ርዕስ ጓደኛሽ በአማርኛ ታስረዳሽ። ከገባሽ የጎደለሽ ቃል ብቻ ነው።

በቀን 8 ቃል ያዢ። ከዚያ አይብለጥ፤ 30 የያዘች በሦስተኛው ቀን ትተወዋለች። ስምንቱን ነገ ከምትማሪው ገጽ ላይ ምረጪ፤ ከመዝገበ ቃላት ተራ በተራ የተሸመደደ ቃል ቦታ ስለሌለው ይጠፋል። እያንዳንዱን በአንድ ካርድ ጻፊ፤ ፊቱ ላይ ቃሉ ከነዓረፍተ ነገሩ፣ ጀርባው ላይ አማርኛው። ሦስት ፖስታ አዘጋጂ። አዲስ ካርድ ሁሉ አንደኛው ውስጥ ይገባል፣ በየቀኑ ይጠየቃል። ስታገኚው ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፣ በየ3 ቀኑ ይታያል፤ እዚያም ስታገኚው ወደ ሦስተኛው፣ በሳምንት አንዴ። ከየትኛውም ፖስታ የሳትሽው ወደ አንደኛው ይመለሳል። በሳምንት 5 ቀን ብትሠሪ 40 ቃል ነው፤ በ30 የትምህርት ሳምንት 1,200 ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን የጥያቄ ቃላትን ያዢ፦ ኮምፔር (አወዳድሪ)፣ ዲፋይን (ትርጉም ስጪ)፣ ኖት (አይደለም)፣ ሊስት (ዘርዝሪ)፣ ኤክሴፕት (በስተቀር)። ትምህርቱን እያወቀች ኤክሴፕትን ሳታይ ሁሉንም የሳተች ተማሪ ብዙ ናት።

ሒሳቡን በተመለከተ ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ጋር አትታገዪ። የ7ኛና የ8ኛን ተዋሺና ክፍልፋይን፣ ከመቶ ስሌትን፣ ባለ አንድ ያልታወቀ እኩልታን ብቻ ጨርሺ። በቀን 30 ደቂቃ ብትይዢ ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። አሉታዊ ቁጥር ላይ ብዙ ጊዜ ይሳታል፣ እዚያ ላይ ቆዪ።

ስለ ሰኞ ለክፍል ኃላፊሽ ቀድመሽ ንገሪ፤ ሳይነግሩ የቀሩት ቀን እንደ ግዴለሽነት ይቆጠራል። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ገበያው በማይበረታበት ግማሽ ቀን እንዲያደርጉሽ ጠይቂ። ካልሆነ አንዲት ጓደኛ ያዢ፤ ማክሰኞ ከትምህርት በፊት ደብተሯን ከማዋስ በተጨማሪ የሰኞውን በቃሏ ለ15 ደቂቃ ታስረዳሽ። ለእሷም ክለሳ ስለሚሆንላት አታፍሪባት። እናትሽን ደግሞ የፈተና ሳምንት ሰኞን ብቻ እንዲተዉልሽ ጠይቂያቸው፤ ቀኖቹን ከሁለት ሳምንት በፊት ከነገርሻቸው በቦታሽ የሚውል ሰው ለማግኘት ጊዜ ይኖራቸዋል።